የሞባይል ሆም ኤሲ በሂውስተን ወበቅ፦ ሥራው ከወለሉ ሥር ይጀምራል

ኦገስት ላይ ነበር። ባለቤቴ ለሰርግ የምትለብሰውን ነጠላ ከመኝታ ቤቱ ቁም ሳጥን አወጣችው። ጥለቱ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አየን። ሸተትነው፤ ሻጋታ ነው። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ስናርቀው ከኋላው ያለው ግድግዳ ረጥቧል፣ ልጣፉም ተነፍቷል። ቤታችን ደብል ዋይድ ነው፣ ማለትም ከሁለት ግማሽ የተገጣጠመ። አንደኛው ግማሽ ይበርዳል፣ ሌላው እንደ ምድጃ ይግላል። ቴርሞስታቱ 68 ዲግሪ ፋራናይት ላይ ተደርጓል። ሳሎኑ ግን ከ80 አልወርድ ብሏል። ኤሲው ሌት ተቀን ይሠራል።

የመጣው ቴክኒሻን ዞር ዞር ብሎ አየና «ማሽኑ አንሷችኋል፣ 5 ቶን አስገቡ» አለን። ቶን የኤሲ የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው። ዋጋውን ሲነግረን እርስ በርስ ተያየን። በኋላ ግን ከቤቱ ሥር ገብቼ ሳይ ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኘው ትልቅ የአየር ቱቦ ተላቆ መሬት ላይ ተኝቷል። የሰፈሩ ድመቶች ቀዝቃዛው አየር በሚወጣበት አፍ ዙሪያ ተጋድመዋል። ማሽኑ ምንም አልሆነም። እኛ ስናቀዘቅዝ የከረምነው ከቤቱ ሥር ያለውን አፈር ነው።

በሂውስተንና በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ በሞባይል ሆም የሚኖር ሀበሻ ጥቂት አይደለም። ብዙዎቻችን ገንዘባችንን ትልቅ ማሽን ላይ እናፈሳለን። ገንዘቡ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ቀዳዳዎቹ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ማሽን መግዛትን የሚያነሣው መሀል ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። እባካችሁ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

መጀመሪያ፦ ሙቀትና ወበቅ አንድ አይደሉም

ድሬዳዋ የኖረ ሰው ሙቀት ያውቃል። ምጽዋ ወይም ጅቡቲ የከረመ ደግሞ ወበቅ ያውቃል። ወበቅ አየሩ የተሸከመው ውሃ ነው። አየሩ ውሃ ከጠገበ ላባችን አይደርቅም፣ ላብ ካልደረቀ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም።

ኤሲ ሁለት ሥራ ይሠራል። አየሩን ያቀዘቅዛል፣ ውሃውንም ከአየሩ ያወጣል። ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡ ላብ ያወጣ የለ? የኤሲው የውስጥ መጠምጠሚያ፣ ኮይል የሚባለው፣ እንደዚያው ያልበዋል። ላቡ ተንጠባጥቦ በትንሽ ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። ይህ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ማሽኑ ሥራ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ኮይሉ ገና እየቀዘቀዘና እየረጠበ ነው። ውሃው በደንብ ወደ ውጭ መፍሰስ የሚጀምረው ቆየት ብሎ ነው። ማሽኑ ቶሎ ቶሎ እየተነሣ ቶሎ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ ቤቱ ይቀዘቅዛል እንጂ አይደርቅም። የዋሻ ዓይነት ብርድ ይሆናል።

ሌላም ማወቅ ያለብን ነገር አለ፤ የጤዛ ነጥብ ይባላል። አየር ውሃውን መልቀቅ የሚጀምርበት ሙቀት ማለት ነው። በሂውስተን ሰመር የውጭው አየር የጤዛ ነጥብ ብዙ ቀን 75 ፋራናይት አካባቢ ነው፣ ወደ 24 ሴልሺየስ። የግድግዳችሁ ሙቀት ከዚያ ከወረደና የውጭ አየር በቀዳዳ ገብቶ ካገኘው፣ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይወርዳል። በብዙ ሞባይል ሆም የውስጥ ግድግዳው በፕላስቲክ ልጣፍ የተሸፈነ ነው። ውሃው ከልጣፉ ጀርባ ይቀራል፣ መውጫም የለውም። የእኛ ቁም ሳጥን ጀርባ የሻገተው እንዲህ ነው። 68 ላይ ማድረጋችን ነገሩን አባባሰው።

አዲስ አበባ ላደግን ሰዎች ይህ ይከብዳል። ቤት ሲታፈን መስኮት መክፈት ነው የለመድነው፤ ማታ ነፋስ ሲገባ ደስ ይላል። እዚህ ግን የማታው አየር ቀዝቀዝ ያለ ቢመስልም ከቀኑ ባልተናነሰ ውሃ ተሸክሟል። ሌሊቱን መስኮት ከፍታችሁ ካደራችሁ ፍራሹ፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው ሁሉ ያን ውሃ ይጠጣል። ኤሲው በማግስቱ ቀኑን ሙሉ የሚታገለው ያን ለማውጣት ነው። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር መስኮቱን ዝጉ።

1. ቤታችሁን እወቁ

በወጥ ቤት ቁም ሳጥን፣ በመኝታ ቤት ክሎዜት ወይም በብሬከር ሳጥኑ አካባቢ የተለጠፈ አንድ ወረቀት ፈልጉ። ዳታ ፕሌት ይባላል። የተሠራበትን ቀን፣ ቤቱ ለየትኛው የአየር ጠባይ እንደተሠራ፣ ብዙ ጊዜም የአየር ቱቦዎቹ ስንት ቢቲዩ (የሙቀት መጠን መለኪያ) ኤሲ እንደሚችሉ ይናገራል። ፎቶ አንሡትና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ቴክኒሻን ሲመጣ መጀመሪያ የምታሳዩት እሱን ነው።

ቤቱ ከጁን 15 ቀን 1976 በፊት የተሠራ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። የፌዴራሉ የሞባይል ሆም ደንብ ሥራ ላይ የዋለው ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ግድግዳቸው ቀጭን ነው፣ ሙቀት መከላከያቸውም ትንሽ ነው። ከ1965 እስከ 1973 ባለው ጊዜ የተሠሩት አንዳንዶቹ የአሉሚኒየም ሽቦ አላቸው፣ እሱም መጋጠሚያው ላይ ይግላል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ኤሌክትሪሻን ሳያይ አዲስ ኤሲ አትሰኩ።

ወለሉንም ለኩ። 14 ጫማ በ70 ጫማ የሆነ ሲንግል ዋይድ፣ ማለትም ያልተገጣጠመ አንድ ወጥ ቤት፣ 980 ስኩዌር ፊት ነው። የብሬከር ሳጥኑን ከፍታችሁ ዋናው ብሬከር ስንት አምፕ እንደሆነ፣ ባዶ ቦታ መኖሩንም ጻፉ።

2. በ15 ዶላር ምርመራ

የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ግዙ። ትንሿ ዲጂታል ከ10 እስከ 15 ዶላር ነው የምታወጣው። ሁለት ብትሆን ይመረጣል፣ አንዷ ሳሎን ሌላዋ መኝታ ቤት። የምንፈልገው ከ50 በመቶ ብዙ ያልራቀ እርጥበት ነው። ከ60 በላይ ለቀናት ከቆየ ሻጋታ እየመጣ ነው።

ከዚያ ኤሲውን አብርታችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ። መለኪያዋን አየር ተመልሶ በሚገባበት ፍርግርግ አጠገብ አድርጉና አንብቡ። ቀጥሎ ወለል ላይ ቀዝቃዛው አየር በሚወጣበት ፍርግርግ ላይ አድርጉ። የሁለቱ ልዩነት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ከሆነ ማሽኑ ሥራውን እየሠራ ነው። ቤቱ በጣም ረጥቦ ከሆነ ልዩነቱ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ለማሽኑ ቅርብ በሆነው ፍርግርግ ላይ ልዩነቱ 18 ሆኖ ዳር ባለው ክፍል 8 ከሆነ ችግሩ ቱቦው ነው። በሁሉም ላይ ዝቅተኛ ከሆነ ፊልተሩን፣ ኮይሉን ወይም በማሽኑ ውስጥ የሚዞረውን ማቀዝቀዣ ጋዝ ጠርጥሩ።

ሦስተኛው ፍተሻ ሶፍት ብቻ ነው የሚፈልገው። መስኮት ሁሉ ይዘጋ፣ የወጥ ቤትና የመታጠቢያ ቤት ፋን ይጥፋ፣ ድራየርም አይሥራ። የኤሲው ፋን እየሠራ የውጭውን በር በጣት ስፋት ክፈቱና አንድ ስስ ሶፍት ክፍተቱ ላይ ያዙ። ሶፍቱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ቤቱ የውጭ አየር እየሳበ ነው ማለት ነው። ለምን? ቀዝቃዛው አየር ከተቀደደው ቱቦ ወደ ቤቱ ሥር ይወጣል። በወጣው ልክ ሌላ አየር መግባት አለበት። የሚገባው ደግሞ ያ ውሃ የጠገበው የውጭ አየር ነው፤ በሶኬት ቀዳዳ፣ በመስኮት ዳር፣ በግድግዳ ውስጥ እየሾለከ። የተቀደደ ቱቦ ቀዝቃዛ አየር ማባከኑ ሳያንስ ወበቁን ጎትቶ ያስገባል። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

3. ከወለሉ ሥር ግቡ

ይህ ክፍል የሚያቆሽሽ ነው፤ ግን ከሁሉ በላይ የሚክሰው እሱ ነው። በጠዋት፣ ሳይሞቅ ግቡ። ኤሲውን ከብሬከሩ አጥፉ። ረጅም እጅጌ፣ ጓንት፣ መነጽር፣ ኤን95 ጭንብል፣ የግንባር መብራት ያስፈልጋል። ስክርቲንጉን፣ ማለትም የቤቱን ግርጌ ዙሪያውን የሚሸፍነውን፣ ስትከፍቱ በመብራት ዙሪያውን አይታችሁ ግቡ። በቴክሳስ እባብም መርዛማ ሸረሪትም አለ። የተንጠለጠለ ሽቦ ካያችሁ አትንኩ። ውጭ የሚጠብቃችሁ ሰው ይኑር።

ደብል ዋይድ ከሆነ መጀመሪያ የምትፈልጉት ክሮስኦቨር የሚባለውን ነው። ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኝ፣ የሚተጣጠፍ ወፍራም ቱቦ። ችግሩ ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። ጫፎቹ ከብረት አንገቱ ላይ በደንብ ታስረዋል ወይ? ተጣጥፎ ወይም ተጨፍልቆ ይሆን? መሬት ነክቷል? አይጥ በልቶታል? የእኛው ጫፉ የታሰረው በተራ ቴፕ ብቻ ነበር። ቴፑ በወበቁ ሙጫው ለቆ እንደ ደረቀ ቅጠል ተልጦ ወድቋል።

የሚስተካከለው እንዲህ ነው። የውስጠኛውን ቱቦ በብረቱ አንገት ላይ አልብሱ። ማስቲክ የሚባለውን እንደ ሊጥ ወፈር ያለ ማጣበቂያ ዙሪያውን በብሩሽ ቀቡ። በዚፕ ማሰሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ከዚያ መከላከያውንና የውጩን ፕላስቲክ ጎትታችሁ በላዩ ላይ እንደገና እሰሩ። ቴፕ ከተጠቀማችሁ ዩኤል 181 የሚል የተጻፈበት የፎይል ቴፕ ይሁን። ያ ግራጫው የጨርቅ ቴፕ ስሙ የቱቦ ቴፕ ቢሆንም ለዚህ አይሆንም። ቱቦው አርጅቶ ከሆነ አውጥታችሁ አር-8 መከላከያ ያለው አዲስ ግዙ። ከመሬት ከፍ ብሎ በየ4 ጫማው በሰፊ ማንጠልጠያ ይታሰር። በቀጭን ሽቦ ካሰራችሁት ሽቦው እየቆረጠው ይገባል።

ሲንግል ዋይድ ክሮስኦቨር የለውም። ግን ከወለሉ ሥር ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ አንድ ዋና ቱቦ አለው። ይህን ከላይ፣ ከቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። ወለል ላይ ያለውን ፍርግርግ አንሡና ስልካችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጋችሁ መብራቱን አብርታችሁ ወደ ውስጥ አስገቡ። ሦስት ቦታ ተመልከቱ። አንደኛ፣ ቱቦው ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት አጭር አንገት፤ በእሱና በወለሉ እንጨት መካከል ብርሃን ወይም ፋይበርግላስ ከታየ ክፍት ነው፣ በማስቲክ ዝጉት። ሁለተኛ፣ የዋናው ቱቦ መጨረሻ፤ ከመጨረሻው ፍርግርግ አልፎ ያለው ጫፍ ብዙ ጊዜ በደንብ አልተደፈነም። ሦስተኛ፣ ከማሽኑ ሥር ያለው መጋጠሚያ፤ እዚያ ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ ትንሽ ስንጥቅ ብዙ አየር ታወጣለች።

ከሥር ሳላችሁ የቤቱን ሆድ ተመልከቱ። ጥቁሩ የሆድ ሽፋን ተቀዶ ፋይበርግላሱ ተንጠልጥሎ ከሆነ ደረቁን ወደ ቦታው መልሱ፣ የረጠበውን አውጥታችሁ በአዲስ ቀይሩ፣ ቀዳዳውን ለዚሁ በሚሸጥ መጣፊያ ዝጉ። ሽፋኑ ውሃ ቋጥሮ እንደ ሆድ ከተነፋ ከላይ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አለ፤ መጀመሪያ እሱን አስጠግኑ።

መሬቱ ላይ ባለ 6 ሚል (የአንድ ኢንች 6 ሺኛ) ውፍረት ፕላስቲክ አንጥፉ፣ መጋጠሚያው ላይ አንዱ በሌላው ላይ ይደረብ። ከአፈሩ የሚነሣው እርጥበት ቀላል እንዳይመስላችሁ። የልብስ ማድረቂያው ቱቦ ከስክርቲንጉ ውጭ መውጣቱንም አረጋግጡ። ብዙ ቤት ውስጥ ቱቦው ከቤቱ ሥር ተጥሎ ይገኛል፤ አንድ ሙሉ እጥበት ልብስ የያዘው ውሃ በሙሉ ወለላችሁ ሥር ይተፋል።

4. አየሩ የሚመለስበትን መንገድ ክፈቱ

በሞባይል ሆም ቀዝቃዛው አየር በየክፍሉ ይወጣል። የሚመለሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ በኮሪደሩ የማሽን ክሎዜት በር በኩል። የመኝታ ቤት በር ሲዘጋ ክፍሉ ይወጠራል፣ ሳሎኑ ደግሞ በምላሹ ከውጭ ይስባል። የሶፍቱን ፍተሻ የመኝታ ቤት በሮችን ዘግታችሁ ድገሙት፤ ልዩነቱን ታያላችሁ። በሩን ከሥሩ አንድ ኢንች ያህል ማስቆረጥ ወይም ከበሩ በላይ የአየር ማለፊያ ፍርግርግ ማስገባት ይበቃል። የማሽኑ ክሎዜት ውስጥ ጫማ፣ መጥረጊያ፣ የጤፍ ከረጢት አታስቀምጡ። ፊልተሩን በሰመር በየወሩ እዩት። መርቭ (የፊልተር አጣሪነት ደረጃ) 8 የሚለው ይበቃል። በጣም ጥቅጥቅ ያለው አየር ያፍናል፣ አየር ያነሰው ኮይል በረዶ ይሠራል።

5. አሁን ስለ ማሽኑ

እስከዚህ የሠራችሁት ሥራ ማሽኑን ራሱን ከመግዛት ሊያድናችሁ ይችላል። እኛን አድኖናል። ካልሆነ ግን መጠኑን እንነጋገር።

አንድ ቶን ኤሲ በሰዓት 12,000 ቢቲዩ ሙቀት ያወጣል። ስሙ የመጣው ከበረዶ ዘመን ነው፤ አንድ የአሜሪካ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት ማለት ነው። ከፍ ያለ ቶን የተሻለ ነው የሚል ሰው እርጥበቱን ረስቶታል። ትልቁ ማሽን ቤቱን በጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ ውሃው እዚያው ይቀራል። ለሙሉ ቤት ኤሲ ቴክኒሻኑን «ማንዋል ጄ ስሌት ሥራልኝ» በሉት። የመስኮቱን አቅጣጫ፣ የጣሪያውን መከላከያ፣ የቱቦውን ሁኔታ ቆጥሮ የሚሠራ ስሌት ነው። ስኩዌር ፊት ብቻ ጠይቆ ቁጥር የሚጠራ ከሆነ ሌላ ሰው ጥሩ።

ለመስኮት ኤሲ ስሌቱ ቀላል ነው፣ በስኩዌር ፊት 20 ቢቲዩ ያህል። ከ150 እስከ 250 ስኩዌር ፊት ላለው መኝታ ቤት 6,000፣ ከ300 እስከ 350 ላለው 8,000፣ ከ450 እስከ 550 ላለው ሳሎን 12,000። ክፍሉ ፀሐይ የሚመታው ከሆነ 10 በመቶ ጨምሩ፣ ጥላ ካለው 10 በመቶ ቀንሱ። ወጥ ቤት ከሆነ 4,000 ጨምሩ። ከሁለት ሰው በላይ የሚውልበት ከሆነ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው 600።

ዓይነቱን በተመለከተ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ቱቦዎቹ ጤነኛ ከሆኑ፣ ያለውን ማዕከላዊ ኤሲ ጠብቁ ወይም በልኩ ቀይሩ። ከቤቱ ውጭ ሙሉው በአንድ ሳጥን የሚቀመጥ ፓኬጅ ዩኒትም በሞባይል ሆም የተለመደ ነው። እሱ ግን በስክርቲንጉ በኩል በሁለት ትላልቅ ቱቦዎች ስለሚገናኝ እነዚያ ቱቦዎች ፀሐይና ዝናብ ላይ ናቸው፤ በየዓመቱ እዩዋቸው። ቱቦዎቹ የማይድኑ ከሆነ ሚኒ ስፕሊት፣ ማለትም የውስጡ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ፣ ይሻላል። ቱቦ አያስፈልገውም፣ አየር የሚያሾልክ ነገርም የለውም። ኢንቨርተር፣ ማለትም ፍጥነቱን እንደ ሁኔታው የሚቀያይር፣ ስለሆነ ቀስ ብሎ ለረጅም ጊዜ ይሠራል፣ ለወበቅ የሚፈለገውም ያ ነው። ለሲንግል ዋይድ አንድ ሳሎን አንድ ዋናው መኝታ ቤት፣ ሁለት ለየብቻ የቆሙ ትናንሽ ማሽኖች ቢሆኑ እመርጣለሁ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ጋር ይታደራል።

የማይሆኑትም አሉ። ውሃ እያተነነ የሚያቀዘቅዘው የበረሃ ማቀዝቀዣ በአሪዞና ይሠራል፣ ሂውስተን ውስጥ ግን ወበቅ ላይ ወበቅ ይጨምራል። አንድ ቱቦ ብቻ ያለው ተንቀሳቃሽ ኤሲም የቤቱን አየር ወደ ውጭ እየገፋ በምትኩ የውጭ አየር ያስገባል። ማስታወቂያው አያታላችሁ።

አሮጌ ማሽን የምትገዙ ወይም የምታስጠግኑ ከሆነ ጋዙን ጠይቁ። አር-22 የሚባለው ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ አይመረትም፣ ወደ አገርም አይገባም፤ ያለው ውድ ነው። በአዳዲሶቹ ማሽኖች አር-410ኤ ቦታውን ከ2025 ጀምሮ ለአር-32 እና ለአር-454ቢ እየለቀቀ ነው። የቁጠባ ደረጃውም ተቀይሯል። ከ2023 ጀምሮ በደቡብ ግዛቶች የሚገጠም ከ45,000 ቢቲዩ በታች የሆነ ስፕሊት (በውጭና በውስጥ ክፍል የተከፈለ) ማዕከላዊ ኤሲ ቢያንስ 14.3 ሲር2 (የመብራት ቁጠባ መለኪያ) መሆን አለበት።

6. ሰው ስትቀጥሩ

በቴክሳስ የኤሲ ኮንትራክተር ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ የፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ነው። ቁጥሩን ጠይቁና ድረ ገጹ ላይ ራሳችሁ አጣሩ። ጋዝ የሚነካ ቴክኒሻን ደግሞ ሴክሽን 608 የሚባለው የፌዴራል ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ቢያንስ ከሦስት ቦታ ዋጋ በጽሑፍ ውሰዱ። «የወንዜ ልጅ ነው» ብሎ ያለ ፈቃድ ማሠራት ኋላ ሲበላሽ ገንዘቡንም ወዳጅነቱንም ያሳጣል። በውስጥ የሚገጠመው ክፍል ለሞባይል ሆም የተፈቀደ መሆኑንም ጠይቁ፤ ለተራ ቤት የተሠራው ሁሉ እዚህ አይገጠምም።

7. ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ

የውጭው ማሽን ሂውስተን ውስጥ ባዶ መሬት ላይ አይቀመጥም። በ2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣውን ጎርፍ ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። በብረት ወይም በሲሚንቶ ማቆሚያ ከፍ ይበል፣ በማሰሪያም ይታሰር። ዙሪያው 2 ጫማ ያህል ክፍት ይሁን።

የላቡ ውሃ ቱቦ ከስክርቲንጉ ውጭ ድረስ ይውጣ። ይህን በተለይ አጥብቃችሁ ተከታተሉ። ከቤቱ ሥር ቢያፈሱት በሰመር በቀን ብዙ ጋሎን ውሃ ወለሉ ሥር ይጠራቀማል።

ሚኒ ስፕሊት ሲሆን የውስጡ ማሽን የሚሰቀልበት ግድግዳ ቋሚ እንጨቱ ተፈልጎ መመታት አለበት። የሞባይል ሆም የውስጥ ግድግዳ ስስ ነው፣ ክብደት አይችልም። የሚበሳው ቀዳዳ ወደ ውጭ ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል፣ ዙሪያውም ይደፈን። የመስኮት ኤሲ ከሆነ ከውጭ መደገፊያ አድርጉለት፣ በመመሪያው ልክ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘንብል። ከጎኑ ያሉትን ስስ የፕላስቲክ ክንፎች አትመኑ፤ በልኩ የተቆረጠ ጠንካራ ፎም አስገቡና ዳሩን በስፖንጅ ዝጉ።

መብራቱን በተመለከተ ኤክስቴንሽን ገመድ ፈጽሞ አትጠቀሙ። አንድ ምሳሌ ልስጥ። 1,500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 12.5 አምፕ ነው። ባለ 12,000 ቢቲዩ የመስኮት ኤሲ ደግሞ 9 ወይም 10 አምፕ ያህል ይወስዳል። ሁለቱ በአንድ ባለ 20 አምፕ ብሬከር ላይ ከሆኑ እንጀራው ገና ዓይን ሳያወጣ መብራቱ ይጠፋል። ኤሲው የራሱ ብሬከር ይኑረው።

8. አኗኗሩ

ቴርሞስታቱ 76 ወይም 77 ላይ ይሁን። ከፍተኛ ይመስላችሁ ይሆናል፤ እርጥበቱ 50 በመቶ ከሆነ ግን 76 ደስ ይላል። ፋኑን አውቶ ላይ አድርጉ። ኦን ላይ ካደረጋችሁት ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ፋኑ ኮይሉ ላይ የቀረውን ውሃ መልሶ ወደ ቤቱ ይነፋዋል። ወደ ሥራ ስትሄዱ ጨርሶ አታጥፉት። ከ80 እስከ 82 አድርጋችሁ ሂዱ፤ አለበለዚያ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ወበቅ ይጠጣል።

ምግባችን ብዙ እንፋሎት አለው። ወጥ ለሰዓታት ይንተከተካል፣ የምጣዱ አከምባሎ በተነሣ ቁጥር ደመና ይወጣል። የብዙ ሞባይል ሆም የምድጃ ፋን ወደ ውጭ አይወጣም፤ አየሩን በፊልተር አሳልፎ መልሶ ፊታችሁ ላይ ይነፋዋል። ከተቻለ ወደ ውጭ የሚያወጣ አስገጥሙ። ካልሆነ እንጀራውን በጠዋት ጋግሩ፣ ወይም ምጣዱን በረንዳ ላይ አውጡ፤ ጎረቤቶቻችን ሽታውን ወደውታል። የመታጠቢያ ቤቱ ፋን ከሻወር በኋላ 20 ደቂቃ ይሥራ፣ ከዚያ ይጥፋ። ቁም ሳጥንን ከውጭ ግድግዳ አንድ ስንዝር አርቁ።

በወር አንድ ጊዜ በላቡ ቱቦ ውስጥ አንድ ስኒ ኮምጣጤ አፍስሱ፣ አተላ እንዳይዘጋው። በጸደይ የውጭውን ማሽን ከብሬከሩ አጥፍታችሁ በቀላል የውሃ ግፊት እጠቡት። ኤሲው በልኩ ሆኖ እርጥበቱ አሁንም ከ60 ካልወረደ ዲሁሚዲፋየር የሚባለውን እርጥበት ሳቢ ማሽን ጨምሩ። ሙቀት ያወጣል፣ ግን ሥራውን ይሠራል።

ጣሪያው ብረት ከሆነ ነጭ የጣሪያ ቀለም ይቀባ፤ በደንብ ታጥቦና ደርቆ። በምዕራብ በኩል ያለው መስኮት ከውጭ ጥላ ይደረግለት።

መብራት ሲጠፋ

ጁላይ 8 ቀን 2024 ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ሲያልፍ በሂውስተን አካባቢ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ። ብዙዎች በዚያ ሙቀት ቀናትን አሳለፉ። ሞባይል ሆም ቶሎ ይግላል። በዕድሜ የገፉ ወላጆች ወይም ሕፃን ቤት ካሉ ቀዝቃዛ ቦታ ይዛችኋቸው ሂዱ። ቤት ሆነን እንወጣዋለን አትበሉ።

ባለ 5,000 ቢቲዩ ትንሽ የመስኮት ኤሲ 450 ዋት ያህል ነው የሚወስደው። በ2,000 ዋት ጄኔሬተር አንድ ክፍል ማቀዝቀዝ ይቻላል፣ ቤተሰቡ ሁሉ እዚያ ይደር። ጄኔሬተሩ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 20 ጫማ ይራቅ፣ ጭሱም ወደ ውጭ ይዙር። በረንዳ ላይ ወይም በስክርቲንግ አጠገብ አታስነሡ። ሽታ የሌለው ጋዝ በወለሉ በኩል ገብቶ ተኝታችሁ ሳላችሁ ይገድላል። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከኤሲው በፊት ይገዛ።

ዋናውን ኤሲ ከብሬከሩ አጥፍታችሁ ቆዩ። መብራቱ ሲመለስ ወዲያው አታብሩት፣ ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ ኮምፕሬሰሩ ግፊቱ ሳይረጋ ከተነሣ ይጎዳል።

ገንዘቡ ካልደረሰ ወደ እርዳታ መረጃ መስመሩ 211 ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው የመብራት ክፍያ እርዳታ ነው። ሁለተኛው ዌዘራይዜሽን የሚባለው ከ1976 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ፕሮግራም ነው፤ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ቤታቸውን በነጻ ያሽጋል፣ ሞባይል ሆምንም ይጨምራል። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ «አማርኛ» ብላችሁ ጠይቁ። ስታመለክቱ ከቤቱ ሥር ያነሣችኋቸውን የቱቦ ፎቶዎችና የዳታ ፕሌቱን ፎቶ አዘጋጁ፤ ሊያይ የሚመጣው ሰው በቀጥታ ወደ ችግሩ ይገባል።